ወንዙ ሳይጎድል፦ የ1998ቱ የፃንግፖ የካያክ ጉዞ የጉዳይ ጥናት

አርብ፣ ኦክቶበር 16 ቀን 1998፣ በእኛ አቆጣጠር ጥቅምት 6 ቀን 1991 ዓ.ም.፣ ዳግ ጎርደን የተባለ አሜሪካዊ ኬሚስት በምሥራቅ ቲቤት፣ በያርሉንግ ፃንግፖ ወንዝ ዳር፣ ከ2 እስከ 3 ሜትር ከሚገመት ፏፏቴ በካያክ፣ ማለትም ላዩ በተሸፈነ ጠባብ የአንድ ሰው ጀልባ፣ ወረደ። ከፏፏቴው ሥር ጀልባው ተገለበጠ። በመቅዘፊያው ተደግፎ ለመቃናት ሞከረ፤ አልሆነለትም፤ ደግሞ ሞከረ፤ በዚህ መካከል ውሃው ከዳር አላቅቆ ወደ ወንዙ መሐል ወሰደው። ጓደኞቹ ዳርቻውን ተከትለው ለቀናት ፈለጉት፤ አስከሬኑ ግን አልተገኘም። (ከዚህ በኋላ የሚጠቀሱት ዓመታትና ወራት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ፏፏቴው ትንሽ ነበር፤ ጉዳዩን ለጥናት የሚያበቃውም ይኸው ነው። ጎርደን በስላሎም፣ ማለትም በፈጣን ውሃ ላይ በተሰቀሉ በሮች መካከል እየተጠማዘዙ በሚቀዝፉበት ውድድር፣ ለአሜሪካ ብሔራዊ ቡድን የቀዘፈ ሰው ሲሆን፣ አብረውት ውሃ ላይ የነበሩት ሦስቱም ዕድሜያቸውን በቁልቁለታማ ወንዞች ላይ ያሳለፉ ነበሩ፤ በእነሱ ደረጃ ላለ ቀዛፊ 3 ሜትር የሚወርድ ውሃ ለብቻው ሲታይ እንደ ልዩ ፈተና አይቆጠርም። ስለዚህ «ለምን ያን ፏፏቴ ወረደ?» የሚለው ጥያቄ፣ ምንም እንኳ ሁሉም ሰው አስቀድሞ የሚጠይቀው ቢሆን፣ ብዙ አያራምድም። የእኔ ጥያቄ፣ ያን ያህል ትንሽ የሆነ ፏፏቴ አንዲት ስሕተት እንኳ የማያስተርፍ የሆነው በምን ምክንያት ነው፣ ነገሩስ የተወሰነው መቼና የት ነው የሚል ነው።

ለዚህ መልስ ለመስጠት በመጀመሪያ ከቤቴ ብዙም ወደማይርቅ ውሃ ልመለስ። የፖቶማክ ወንዝ ዋሽንግተን ዲሲ ከመድረሱ በፊት፣ ቨርጂኒያንና ሜሪላንድን በሚያዋስንበት በግሬት ፎልስ፣ ከአንድ ማይል ባነሰ ርቀት 76 ጫማ፣ ማለትም 23 ሜትር ያህል ይወርዳል። ከፏፏቴው በላይ ወደ 1,000 ጫማ የሚጠጋ ስፋት የነበረው ወንዝ ማዘር ጎርጅ ወደሚባለው ጠባብ ሸለቆ ሲገባ ስፋቱ ከ60 እስከ 100 ጫማ ብቻ ይሆናል። በ1970ዎቹ አጋማሽ ይህን ፏፏቴ ለመጀመሪያ ጊዜ በትንንሽ ጀልባ ከወረዱት ሰዎች መካከል ቶም ማክዩዋንና ዊክ ዎከር ይገኙበታል፤ ሁለቱንም በፃንግፖው ጉዞ ላይ እናገኛቸዋለን። በዚህ አካባቢ የምንኖር ኢትዮጵያውያን ፓርኩን በደንብ እናውቀዋለን፤ ሞቅ ባለ እሑድ ከሰዓት በኋላ ልጅ ወደ ቋጥኙ ጠርዝ ሲጠጋ «ና ተመለስ!» የሚል የእናት ድምፅ በአማርኛ መስማት የተለመደ ነው። እናትየዋም አልተሳሳተችም፤ በዚያ ሥፍራ መዋኘትም ሆነ እግርን ውሃ ውስጥ መንከር የተከለከለ ነው።

በቨርጂኒያው በኩል፣ ከመመልከቻዎቹ በአንዱ አጠገብ፣ ረጅም እንጨት ተተክሏል። በላዩ ላይ በልዩ ልዩ ዓመታት የወንዙ ሙላት የደረሰበት ከፍታ ከነዓመተ ምሕረቱ ተመልክቷል። እንጨቱ የቆመበት መሬት ራሱ በአዘቦት ቀን ከውሃው ብዙ ሜትር ከፍ ያለ ገደል አፋፍ ነው፤ ያም ሆኖ የ1936ን ምልክት ለማንበብ ቀና ማለት ያስፈልጋል። ጎብኚ ሁሉ እዚያ ቆሞ ፎቶ ይነሣል፤ ቀዛፊ ግን ያን እንጨት የሚያየው በሌላ ዓይን ነው። እሱ ከቤቱ ሳይነሣ ወደ ታች ባለው በሊትል ፎልስ የተተከለው መለኪያ ያን ዕለት ስንት እንደሚያሳይ በስልኩ አይቶ፣ ከፏፏቴው ሦስት መውረጃዎች የትኛው እንደሚኬድ፣ የትኛው እንደማይነካ፣ ወይም ጀልባው ጋራዥ ውስጥ እንደሚውል ይወስናል። መለኪያው ጥቂት ቁጥር ሲጨምር ትናንት መንገድ የነበረው ዛሬ ወጥመድ ይሆናል፤ ትናንት ደረቅ አለት የነበረውም ዛሬ ፏፏቴ ሆኖ ይገኛል። ባለሙያዎቹ «ግሬት ፎልስን ወርጄዋለሁ» ለሚል ሰው የሚያቀርቡት የመጀመሪያ ጥያቄ «በስንት ውሃ?» የሚል ነው።

ቁልቁለታማና ቋጥኝ የበዛበትን የተራራ ወንዝ በካያክ መውረድ ከሩቅ ለሚያየው የድፍረት ሥራ ይመስላል። በተግባር ግን ሥራው ከማረፊያ ወደ ማረፊያ መሸጋገር ነው። ውሃ ከትልቅ ቋጥኝ ጋር ሲላተም በሁለቱ ጎን ያልፍና ከቋጥኙ ጀርባ ወደ ኋላ ዞሮ የሚመለስ፣ አንዳንዴም ፈጽሞ ጸጥ ያለ ውሃ ይፈጠራል፤ ቀዛፊዎች ይህን ሥፍራ ኤዲ ይሉታል። ካያክ ያለው ሰው ከዋናው ወራጅ ወደዚያ ጸጥታ በአንድ ጠንካራ ቀዘፋ ዘልቆ ይገባል፣ ይተነፍሳል፣ አንገቱን አስግጎ የሚቀጥለውን ያያል፣ ካልታየው ወርዶ በእግሩ ሄዶ ያያል፣ ካልወደደው ጀልባውን በትከሻው ተሸክሞ ይዞራል። በትንንሽ ወንዞች ላይ ከእያንዳንዱ መውደቂያ በታች ብዙ ጊዜ ኩሬ አለ፤ የተገለበጠ ሰው እዚያ ይቃናል፣ ከጀልባው የወጣም እዚያ ዋኝቶ ይወጣል። ለዚህ ነው ልምድ ያለው ቀዛፊ ፏፏቴን ሲመዝን ከመውደቂያው ይልቅ ከመውደቂያው በታች ያለውን ውሃ ረዘም አድርጎ የሚያየው።

መገልበጥ በራሱ በዚህ ሥራ ውስጥ አደጋ ተብሎ አይመዘገብም። ቀዛፊው ወገቡ ድረስ በጀልባው ውስጥ ነው፤ የጀልባው አፍና የሰውየው ወገብ ውሃ በማያስገባ ጨርቅ ተያይዘዋል። ሲገለበጥ ጭንቅላቱ ወደ ታች ይሆናል፣ መቅዘፊያውን ወደ ውሃው ገጽ አውጥቶ ይዘረጋል፣ በእሱ ላይ ለቅጽበት ተደግፎ በዳሌው ጀልባውን ይገለብጠዋል፤ ጀልባው ሲቃና አካሉ ተከትሎት ይወጣል። ይህን ሮል የሚባለውን ዘዴ እንደ ጎርደን ያለ ሰው በሺህ የሚቆጠር ጊዜ ሠርቶታል። ችግሩ መቅዘፊያው የሚደገፍበት ነገር መፈለጉ ነው። ከፏፏቴ ሥር ያለው ነጭ ውሃ እኩሌታው አየር ነው፤ አረፋ ላይ ደግሞ መደገፍ አይቻልም። የሚገፋው ውሃ ከሁለት አቅጣጫ ሲመጣ መቅዘፊያውን ወደ ታች የሚስብበት ጊዜም አለ። ጀልባው የብዙ ቀን ስንቅ፣ የመኝታ ልብስና ገመድ የተጫነበት ከሆነ ደግሞ የሚታዘዘው ዘግይቶ ነው። እነዚህ ሁሉ ፃንግፖ ላይ ነበሩ።

ወንዙን ላስተዋውቅ። ፃንግፖ ከካይላስ ተራራ አካባቢ ተነሥቶ ቲቤትን ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ሰንጥቆ ይሄድና በናምቻ ባርዋ (7,782 ሜትር) እና በጊያላ ፔሪ (7,294 ሜትር) መካከል ገብቶ፣ የመጀመሪያውን ተራራ ከብቦ ወደ ደቡብ ይታጠፋል፤ ሕንድ ሲገባ ሲያንግ፣ ወደ ታች ደግሞ ብራህማፑትራ ይባላል። ከሁለቱ ተራሮች ጫፍ እስከ ውሃው ድረስ ያለው ጥልቀት በአንዳንድ ቦታ ከ5,000 ሜትር ይበልጣል። ላይ ያለው ፃንግፖና ታች ያለው ብራህማፑትራ አንድ ወንዝ መሆናቸው እንኳ እስከ 19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ድረስ የጂኦግራፊ ሊቃውንትን ሲያከራክር የነበረ ነው። ስለ ዓባይ ምንጭ የተደረገውን ያህል ጭቅጭቅ ሰምቶ ላደገ የእኛ ሰው ይህ አይደንቀውም። እንግሊዛዊው የዕፀዋት ተመራማሪ ፍራንክ ኪንግደን ዋርድ በ1924 ሸለቆውን በእግሩ ቢያዳርስም፣ ገደሉ አላስኬድ ያለው ጥቂት ማይል ሳይታይ ቀረ። በዚያ ባልታየው ክፍል ውስጥ ከ30 ሜትር በላይ የሚወርድ ፏፏቴ መኖሩ በእግር በሄዱ ሰዎች የተረጋገጠው በኖቬምበር 1998፣ ጎርደን ከጠፋ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ነው። ወንዙ በቀዛፊ ዘንድ ከዚያ በፊትም ስሙ በመልካም አይነሣም ነበር፤ በ1993 ዮሺታካ ታኬይ የተባለው ጃፓናዊ ቀዛፊ ፖ ፃንግፖ የተባለው ገባር ከዋናው ወንዝ ጋር በሚገናኝበት ቦታ ውሃ ወስዶት ሞቷል።

የ1998ቱን ጉዞ የመራው ዊክ ዎከር ሲሆን፣ ናሽናል ጂኦግራፊክ ማኅበር ከደጋፊዎቹ አንዱ ነበር። ውሃ ላይ የሚወርዱት አራት ነበሩ፤ ቶም ማክዩዋን፣ ወንድሙ ጄሚ ማክዩዋን፣ ሮጀር ዝቤልና ዳግ ጎርደን። ጄሚ ስላሎም ለመጀመሪያ ጊዜ የኦሊምፒክ ውድድር በሆነበት በ1972ቱ የሙኒክ ጨዋታ የነሐስ ሜዳልያ ያገኘ፣ ከ20 ዓመት በኋላም በ1992 ተመልሶ በኦሊምፒክ የተወዳደረ ሰው ነው። ዎከርና ሃሪ ዌዘርቢ የምድሩን ሥራ፣ ማለትም ስንቅና ተሸካሚ ይዞ በተራራው መንገድ ዞሮ ወንዙ ዳር መገናኘትን ያዙ። አራቱ ቀዛፊዎች ጎረምሶች አልነበሩም፤ በአርባዎቹና ከዚያ በላይ የሚገኙ፣ ቤተሰብና ሥራ ያላቸው፣ ጀልባ ተሸክሞ መዞርን እንደ ውርደት የማይቆጥሩ ሰዎች ነበሩ። ይህን የምለው ለማመስገን አይደለም። ስለዚህ ጉዳይ ሲወራ ነገሩን ሁሉ «ዕብሪት ነው» ብሎ የሚዘጋው ሰው ብዙ ስለሆነ ነው፤ ያ ማብራሪያ ከሰዎቹ ጠባይ ጋር አይገጥምም።

ጊዜውንም በግብታዊነት አልመረጡትም። ከጁን ጀምሮ ባሉት ወራት የሕንድ ውቅያኖስ ዝናብ ወንዙን ይሞላዋል፤ ዝናቡ በሴፕቴምበር ይቆማል፤ ከኖቬምበር በኋላ ደግሞ ለመውጫ የሚያገለግሉት ከፍተኛ የተራራ በሮች በበረዶ ይዘጋሉ። ኦክቶበር በሁለቱ መካከል ያለ ጠባብ ክፍት ነው፤ ውሃው ጎድሎ በረዶው ሳይመጣ። በወረቀት ላይ ከዚህ የተሻለ ወር አይገኝም ነበር።

ነገር ግን 1998 እንደ ሌሎቹ ዓመታት አልነበረም። በዚያ ክረምት በቻይና የያንግትዜ ወንዝ ብዙ ሕዝብ ያፈናቀለ ከባድ ጎርፍ አስከትሏል። ባንግላዴሽ ላይ ደግሞ ከአገሩ ሁለት ሦስተኛ ያህሉ ከሁለት ወር በላይ በውሃ ተሸፍኖ ቆየ፤ ይህን ጎርፍ ካመጡት ወንዞች አንዱ ብራህማፑትራ፣ ማለትም ይኸው ፃንግፖ ነው። ቀዛፊዎቹ ፔ ወደምትባለው መንደር ሲደርሱ ካርታውና የሳተላይቱ ምስል ላይ ያዩት ወንዝ አልጠበቃቸውም። ከገመቱት እጅግ የበለጠ፣ ከዳር እስከ ዳር የሞላ፣ ቡናማ ውሃ ነበር። እዚህ ላይ ከሁሉ በፊት መታየት ያለበት ክብደቱ ነው። በአንድ ሰከንድ የሚያልፍ እያንዳንዱ ሜትር ኩብ ውሃ አንድ ቶን ይመዝናል። የውሃው ፍጥነት በእጥፍ ሲጨምር ደግሞ በአንድ ነገር ላይ የሚያሳርፈው ግፊት አራት እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ የሞላ ወንዝ በልክ ያለው ወንዝ «ትንሽ የባሰ» መልክ ተደርጎ ሊታይ አይችልም፤ ኤዲዎቹ የሚጠፉበት ወይም ራሳቸው አዙሪት የሚሆኑበት፣ ከመውደቂያ በታች የነበረው ኩሬ የሚነሣበት፣ ማረፊያ የሌለው ሌላ ወንዝ ነው።

ያንን ውሃ አይተው ምን ማድረግ ይችሉ ነበር? መመለስ ይችሉ ነበር፤ ፈቃዱ፣ ገንዘቡና የዓመታት ዝግጅቱ ግን አብሮ ይቀራል። መጠበቅም ይችሉ ነበር፤ ይሁንና ከኋላ በረዶው አለ፣ ከሥራ የተወሰደው ዕረፍትም የተቆጠረ ነው። ወንዙን ትተው ሸለቆውን በእግር ማጥናትም ይቻል ነበር። የመረጡት አራተኛውን ነው፤ የወንዙን መሐል ፈጽሞ ላለመንካት፣ ዳር ዳሩን ከቋጥኝ ጀርባ ወደ ቋጥኝ ጀርባ እየተሸጋገሩ ለመሄድ፣ የማይኬደውን ሁሉ ጀልባቸውን ተሸክመው ለመዞር። ወንዙም ከቀን ወደ ቀን ይጎድላል የሚል ተስፋ ነበራቸው።

ይህ ምርጫ በጊዜው አስተዋይነት ይመስል እንደነበር መካድ አይቻልም። ዳር ዳሩን መሄድ ከመሐሉ ጋር ሲነጻጸር በእርግጥ አደጋው ያነሰ ነው። ነገር ግን ንጽጽሩ ራሱ ያሳስታል። በልክ ባለ ወንዝ ላይ ዳር ማለት ወንዙ የሚያልቅበት ቦታ ነው፤ ተሳስተህ ብትገለበጥ ውሃው ራሱ ወደ ጠጠሩ ያወጣሃል። በሞላ ወንዝ ላይ ግን ዳሩ ትናንት ደረቅ የነበረ የቋጥኝ ክምር ነው፤ ውሃው በመካከሉና በላዩ ላይ እየዘለለ አዳዲስ መውደቂያዎች ይሠራል፣ ከእያንዳንዱ መውደቂያ በኋላም የሚሄደው ወደ መሐል ነው። ይህን ለመረዳት ፃንግፖ ድረስ መሄድ አያስፈልግም። እኔ ከአንድ ከባድ ዝናብ በኋላ ማዘር ጎርጅ አፋፍ ላይ ቆሜ አንድ ግንድ ከዳርቻው ቁጥቋጦ መካከል ተነቅሎ ሲወርድ ተመልክቻለሁ። ለጥቂት ሜትር ያህል የቋጥኞቹን ጎን እየታከከ ቀስ ብሎ ተንሸራተተ፤ ከዚያ አንድ ጫፉ በሁለቱ ውሃዎች መካከል ያለውን ድንበር ነካ፤ በቅጽበት ዞረና በወንዙ መሐል ሆኖ ታየ። ከዚያ በኋላ ወደ ዳር አልተመለሰም።

«ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው» ይባላል። ፃንግፖ ላይ ያለፉትን ቀናት ሳጤን ይህ አባባል ከተለመደው ፍቺው የጠበቀ ትርጉም ያለው ሆኖ አገኘዋለሁ። ቡድኑ ከአንድ ሳምንት በላይ በዚያ ዘዴ ወርዷል። በየቀኑ ጥቂት ርቀት ይጓዛሉ፣ ያጠናሉ፣ ይሸከማሉ፣ እንደገና ውሃ ላይ ይወርዳሉ። ዘዴው ይሠራ ነበር። በየዕለቱ የተገኘው ትንሽ ስኬት ዘዴው ትክክል መሆኑን የሚመሰክር መሰለ፤ በተጨባጭ ግን የመሰከረው እስከዚያ ሰዓት ድረስ ማንም ከዳር ያላቀቀው ስሕተት አለመሥራቱን ብቻ ነው። ሁለቱ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ስሕተት ደግሞ በዚህ ሥራ ውስጥ ልዩ ክስተት አይደለም፤ የዓለም ሻምፒዮንም በቀን ውስጥ ብዙ ጊዜ ይስታል፤ የሚተርፈው ስቶ የሚታረምበት ቦታ ስላለው ነው።

ኦክቶበር 16 ቀን ወደተደረገው ስንመለስ፣ ጎርደን ያን ፏፏቴ በችኮላ አልወረደም። ከዳር ሆኖ አጠናው፣ መንገዱን መረጠ፣ ጓደኞቹ እያዩት ገባ። እንዲህ ያለ መውደቂያ የሚወረደው ጠርዙ ላይ በአንድ ኃይለኛ ቀዘፋ የጀልባውን አፍንጫ ከፍ አድርጎ፣ ከሥር ያለውን፣ ወደ ፏፏቴው ተመልሶ የሚገለበጠውን ውሃ ተሻግሮ በጀልባው ሆድ በማረፍ ነው። ጀልባው ጥቂት ቢያጥር ወይም ጥቂት ቢያዘነብል ተገልባጩ ውሃ ጅራቱን ይይዘዋል። ጎርደንም ተገለበጠ። ከዚያ ቅጽበት ጀምሮ ጉዳዩ የጊዜ ሆነ፤ ለመቃናት ስንት ሰከንድ አለው? ከፏፏቴው በታች ኩሬ ያለው ወንዝ ቢሆን ኖሮ የፈለገውን ያህል ጊዜ ነበረው፤ ሁለቴ ቢሞክር፣ ሦስቴ ቢሞክር፣ በመጨረሻም ከጀልባው ወጥቶ ቢዋኝ የሚጠብቀው ጸጥ ያለ ውሃ ነበር። እዚህ ግን በዳሩ ውሃና በወንዙ መሐል መካከል ያለው ርቀት ሁለት ሙከራ ብቻ የሚበቃ ሆነ። ጓደኞቹ ገመድ የሚወረውሩለት ሰው ከገመዳቸው ርቀት አለፈ። በሚቀጥለው ጀልባ ተከትሎ መግባት ደግሞ ሁለተኛ ሞት ከመጨመር በቀር ትርጉም አልነበረውም፤ ያን ሰዓት ራሳቸውን ይዘው በዳርቻው መሮጣቸው ለእኔ ከጉዞው ሁሉ ከባዱና ትክክለኛው ውሳኔ ነው። ለቀናት ከፈለጉት በኋላ ጉዞው ተቋረጠ፤ የቀሩት ተራራውን አቋርጠው በእግር ወጡ።

እንግዲህ ውሳኔው የት ተወሰነ? ፏፏቴው አጠገብ ከተባለ፣ ጎርደን ከገባበት መንገድ ሁለት ክንድ ወደ ጎን ቢሆን ኖሮ እንደሚተርፍ መናገር ይቻላል፤ እውነትም ሊሆን ይችላል። ሆኖም ያ ትርፍ እስከሚቀጥለው መውደቂያ ድረስ ብቻ ነው፤ ከፊታቸው ደግሞ በመቶ የሚቆጠሩ እንዲህ ያሉ መውደቂያዎች ነበሩ። እኔ ጉዳዩ የተወሰነው ፔ ላይ ነው ባይ ነኝ፤ ወንዙን ሞልቶ ባገኙበትና «እንውረድ ወይስ እንቅር» የሚለው ጥያቄ «እንዴት እንውረድ» ወደሚል በተለወጠበት ሰዓት። ሁለተኛው ጥያቄ ለባለሙያ አእምሮ የሚጣፍጥ ነው፤ ብልሃት የሚጠይቅ፣ መልስም የሚገኝለት። የመጀመሪያው ግን መልሱ አዎ ወይም አይ ብቻ ነው፤ አይ ያሉት እንደሆነ ደግሞ ሦስት ዓመት የለፉበትም ሆነ አሥር ዓመት የለፉበት ሰዎች እኩል ባዶ እጃቸውን ይመለሳሉ። በአገራችን በክረምት መንገደኛ ወንዝ ሞልቶ ሲያገኝ በቅሎውን ፈትቶ፣ ከዳር ተቀምጦ እስኪጎድል ይጠብቃል፤ ካልጎደለ እዚያው ያድራል። ድልድይ በሌለበት አገር ያደገ ሰው ይህን ከፍርሃት አይቆጥረውም። የጀልባ ባለሙያነት ይህን ቀላል ልማድ የሚያስረሳው ይመስለኛል፤ ምክንያቱም ባለሙያው በሞላ ወንዝ ላይም የሚያደርገው ነገር አያጣም።

የራሳችን ወንዝ ታሪክም ከዚህ ጋር ይመሳሰላል። በ1968 በሻምበል ጆን ብላሽፎርድ ስኔል የተመራው፣ ንጉሠ ነገሥቱ የደገፉት የእንግሊዝ ጦር ጉዞ ዓባይን የወረደው በኦገስትና በሴፕቴምበር፣ ማለትም ወንዙ በሚሞላበት ወቅት ነው፤ በላይኛው ቁልቁለታማ ክፍል በትንንሽ የጎማ ጀልባዎች ሲጓዙ ደጋግመው ተገልብጠዋል፤ ኢያን ማክሊዮድ የተባለው ወታደርም ገባር ወንዝ በገመድ ሲሻገር ውሃ ወስዶታል። ፓስኳሌ ስካቱሮና ጎርደን ብራውን ግን በ2003 መጨረሻ ከግሽ ዓባይ የተነሡት ክረምቱ ካለፈ ከወራት በኋላ ሲሆን፣ ስካቱሮ በጎማ ጀልባ፣ ብራውን በካያክ እየተጓዙ በኤፕሪል 2004 ሜዲትራኒያን ባሕር ደርሰዋል። በእርግጥ ሁለቱ ጉዞዎች በመሣሪያ፣ በሰው ብዛትና በዓላማ ስለሚለያዩ ልዩነቱን ሁሉ ለውሃው ከፍታ መስጠት ተገቢ አይሆንም። ነገር ግን ወሩ ብቻውን ምን ያህል እንደሚሠራ ለማየት ዓባይን በነሐሴና በጥር ያየ ሰው ማስረጃ አይፈልግም።

ፃንግፖ ላይ ንጽጽሩ ይበልጥ የጠበቀ ነው። በ2002 መጀመሪያ ስኮት ሊንድግረን ያስተባበረው ቡድን ወደዚያው ወደ ላይኛው ሸለቆ ሄደ። ቀዛፊዎቹ ሰባት ነበሩ፤ እሱ ራሱ፣ ስቲቭ ፊሸር፣ ማይክ አቦት፣ አላን ኤላርድ፣ ደስቲን ናፕ እና ወንድማማቾቹ ጆኒና ዊሊ ከርን። ከ1998ቱ ቡድን በዕድሜ ያንሱ ነበር፣ ጀልባዎቻቸውም የተሻሻሉ ነበሩ፣ በምድር የሚከተላቸው ብዙ ተሸካሚ ነበር። ከሁሉ የሚበልጠው ልዩነት ግን የመጡት በብርዱ ወራት እምብርት፣ በፌብሩዋሪ መሆኑ ነው። ውሃው በዓመቱ ዝቅተኛ ደረጃው ላይ ነበር፤ በሙላት ጊዜ የሚሰወሩት ቋጥኞች ወጥተው ጀርባቸው ማረፊያ ሆኖ ነበር። የበረዶውን መንገድ እንደ ዋጋ ቆጥረው ከፈሉት። ያን ሁሉ አሟልተውም ወንዙ በቀላሉ አላሳለፋቸውም፤ ብዙ ቦታ ላይ በገደሉ ጥግ ጀልባቸውን ጎትተዋል።

የላይኛውን ሸለቆ ጨርሰው ትላልቆቹ ፏፏቴዎች ወደሚጀምሩበት ሲቃረቡ ወንዙን ተመለከቱና ጀልባቸውን ከውሃ አወጡ። ከዚያም በትከሻቸው ተሸክመው፣ በበረዶ የተሸፈነውን ተራራ ወጥተው ተሻገሩ፤ የታችኛውን ሸለቆ አልነኩትም።